ኤሌክትሮን «ላይ ወጣ» ስንል ወዴት ነው የወጣው?
የሴሚኮንዳክተር ባንድ ስዕሎችን በኢነርጂና በሞመንተም ማንበብ

በሴሚኮንዳክተር ምዕራፍ ላይ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ «ቀን ቀን ከራኩባው ጣራ ላይ የምናሰጣው ሶላርም ሴሚኮንዳክተር ነው፣ ማታ የምናጠናበት ኤል ኢ ዲ መብራትም ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ታዲያ ሶላሩን ከባትሪ ጋር ብናገናኘው ለምን አያበራም?» ሁለተኛው ደግሞ፦ «መጽሐፉ ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው ባንድ ወጣ ይላል። ላይ ማለት የት ነው? ከሽቦው በላይ ነው?»

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸውም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ብዙ ተማሪ ይህን ምዕራፍ ሸምድዶ ነው የሚያልፈው፤ በተለይ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ትምህርቱ መሃል ላይ የተቆረጠበት ተማሪ ስዕሉን አይቶታል፣ ማብራሪያው ግን አልደረሰውም። ኡም ራኩባም ሆነ ቱናይድባ ላብራቶሪ የለንም፤ ነገር ግን ሶላሩም መብራቱም እጃችን ላይ ነው። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ያዙና አብረን እንሂድ።

1. ባንድ ምንድን ነው?

ብቻውን ያለ አተም ውስጥ ኤሌክትሮን ማንኛውንም ኢነርጂ ሊይዝ አይችልም። የተፈቀዱለት የተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ ናቸው። አተሞች ተጠጋግተው ክሪስታል ሲሠሩ ግን እያንዳንዱ ደረጃ በጎረቤቶቹ ምክንያት ይሰነጠቃል። በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ሲሊከን ውስጥ ያለው የአተም ብዛት 5 ተጽፎ 22 ዜሮ ቢቀጠልበት ነው። ይህን ያህል ብዙ ደረጃ ሲጠጋጋ በመካከሉ ክፍተት አይታይም፤ አንድ ወፍራም መስመር ይመስላል። ባንድ የምንለው ይህንን ነው።

በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያሳስቡን ባንዶች ሁለት ናቸው። የታችኛው ቫሌንስ ባንድ ይባላል፤ በኤሌክትሮን ጢም ብሎ የሞላ ነው። የላይኛው ኮንዳክሽን ባንድ ይባላል፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ኤሌክትሮን እንዲቀመጥበት ያልተፈቀደ ክፍተት አለ። የሲሊከን ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ልዩነት ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ኢነርጂ ነው።

የሞላ ባንድ ለምን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም? በክፍላችን አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ተማሪዎችን አስቡ። ቦታ ከሌለ ማንም ፈቀቅ ሊል አይችልም። አንዱ ተነስቶ ከወጣ ግን ጎረቤቱ ወደ ባዶው ቦታ ይጠጋል፣ ቀጥሎ ሌላው ይጠጋል። ተማሪዎቹ ወደ ቀኝ ሲጠጉ ባዶው ቦታ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ ባዶ ቦታ ሆል ይባላል፤ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን ክፍተቱን ሲሻገር ሁለት ተሸካሚ ይገኛል፦ ላይ ኤሌክትሮን፣ ታች ሆል።

2. አንድ ስም ያላቸው ሁለት ስዕሎች

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጽሐፍ «የባንድ ስዕል» የሚላቸው ሁለት የተለያዩ ስዕሎች አሉ። በሁለቱም ቁመቱ (ወደ ላይ ያለው መስመር) ኢነርጂ ነው። አግድሙ ግን ይለያያል።

በመጀመሪያው ስዕል አግድሙ ቦታ ነው፦ ከክሪስታሉ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ። ፒ–ኤን መጋጠሚያ ሲሳል የምናየው ይህ ነው። በሁለተኛው ስዕል አግድሙ ሞመንተም ነው። በፊደል ኬ ስለሚጻፍ ኢ–ኬ ስዕል ይባላል። በዚህኛው ስዕል ላይ ግራና ቀኝ የክሪስታሉ ግራና ቀኝ አይደለም፤ ኤሌክትሮኑ የት እንዳለ ምንም አይነግረንም።

እንግዲህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይኸው፦ «ላይ» ማለት በኢነርጂ ላይ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ ከቦታው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይነሳ ወደ ላይኛው ባንድ ሊወጣ ይችላል። የብር ቦርሳችን ሲወፍር እኛ ከመሬት እንደማንነሳ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ስዕል ሳሉ፦ የኮንዳክሽን ባንዱ ወለል ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ተዳፋት ይውረድ። ይህ የሚሆነው በክሪስታሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፊልድ ሲኖር ነው። የባንዱ ወለል የኤሌክትሮኑ ፖቴንሻል ኢነርጂ ነው። ኤሌክትሮኑ ከወለሉ በላይ ያለው ከፍታ ደግሞ ካይኔቲክ ኢነርጂው ነው። ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ወደ ቀኝ ቢሄድ ጠቅላላ ኢነርጂው አይቀየርም፤ መንገዱ በስዕሉ ላይ ቀጥ ያለ አግድም መስመር ነው። ወለሉ ግን ከሥሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ ካይኔቲክ ኢነርጂው ይጨምራል። ከአተሞቹ ንዝረት ጋር ሲጋጭ ያን ኢነርጂ በሙቀት መልክ ይለቅና ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በስዕሉ ላይ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይታያል።

ይኸው ክስተት በኢ–ኬ ስዕል ላይ ሌላ መልክ አለው። ፊልዱ ኤሌክትሮኑን ሲገፋው ሞመንተሙ ይጨምራል፤ ከሸለቆው ወለል ተነስቶ በጎን በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ሲጋጭ ተመልሶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ታዲያ አንዱ ስዕል ላይ ኤሌክትሮኑ ቀጥ ብሎ እየሄደ ሌላው ላይ ለምን ይወጣል? የተለየ ነገር እየሆነ አይደለም። የኢ–ኬ ስዕል ኢነርጂን የሚለካው ኤሌክትሮኑ ባለበት ቦታ ካለው የባንድ ወለል ተነስቶ ነው። ወለሉ ዝቅ ሲል ኤሌክትሮኑ ከወለሉ አንጻር ከፍ አለ ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ተማሪ ከምዕራፉ ግማሹን ይዞታል።

3. ኬ ምንድን ነው?

ኤሌክትሮን እንደ ሞገድም ይሠራል። የሞገዱ ርዝመት ሲያጥር ሞመንተሙ ይበልጣል፦ ሞመንተም ማለት የፕላንክ ቁጥር ለሞገድ ርዝመት ሲካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ፌሊክስ ብሎክ የተባለው ፊዚሲስት በተደረደሩ አተሞች መካከል የኤሌክትሮን ሞገድ ሳይበታተን ሊጓዝ እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ አላን ዊልሰን ይህን ሐሳብ ተጠቅሞ ብረታ ብረት፣ ኢንሱሌተርና ሴሚኮንዳክተር የሚለያዩበትን ምክንያት በባንዶች ገለጸ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በክሪስታል ውስጥ ያለው ሞመንተም ቀደም ሲል የምናውቀው «ማስ ሲባዛ በፍጥነት» አይደለም። ኤሌክትሮኑ ብቻውን አይደለማ፤ አተሞቹ ያለማቋረጥ ይስቡታል፣ ይገፉታል። ስለዚህ የክሪስታል ሞመንተም ይባላል። የኤሌክትሮኑን ፍጥነት የሚነግረን የኬ መጠን ሳይሆን የመስመሩ ተዳፋትነት ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ፍጥነቱ ትልቅ ነው፤ በሸለቆው ወለል ላይ መስመሩ አግድም ስለሆነ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። የሸለቆው ጥምዝነት ደግሞ ኤሌክትሮኑ ምን ያህል «ከባድ» እንደሆነ ይነግረናል። ጠባብ ሸለቆ ቀላል ኤሌክትሮን፣ ሰፊ ሸለቆ ከባድ ኤሌክትሮን ነው። ለምሳሌ ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ኤሌክትሮን በባዶ ቦታ ካለው ማስ 0.067 ያህሉን ብቻ እንደያዘ ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

4. ሁለት ክሪስታሎች ጎን ለጎን

አሁን በደብተራችሁ ላይ ሁለት ኢ–ኬ ስዕሎች ሳሉ።

ለጋሊየም አርሰናይድ፦ ከታች የተደፋ ሳህን የሚመስል ኮረብታ ሳሉ፤ ጫፉ ኬ ዜሮ ላይ ይሁን። ይህ ቫሌንስ ባንድ ነው። ከላይ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል ሸለቆ ሳሉ፤ ወለሉ እዚያው ኬ ዜሮ ላይ ይሁን። በመካከላቸው 1.42 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት አለ። ኮረብታውና ሸለቆው ፊት ለፊት ስለሆኑ ቀጥተኛ ክፍተት እንለዋለን።

ለሲሊከን፦ ኮረብታው እንደበፊቱ ኬ ዜሮ ላይ ነው። የላይኛው ባንድ ሸለቆ ግን ወደ ጎን ሸሽቷል። ከመካከሉ እስከ ዳር ካለው ርቀት 85 በመቶ ያህሉን ሄዶ ነው ወለሉ የሚገኘው። ክሪስታሉ በሦስት አቅጣጫ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ሸለቆዎች ስድስት ናቸው። ይህን ቀጥተኛ ያልሆነ ክፍተት እንለዋለን። ሲሊከን ኬ ዜሮ ላይ በቀጥታ እንሻገር ብንል ክፍተቱ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ይህ ዓይናችን የማያየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ኢነርጂ ነው።

5. ብርሃን ያነሳል፣ ወደ ጎን ግን አይገፋም

ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው የሚመጣው። የፎቶንን ኢነርጂ ለማግኘት 1240ን በናኖ ሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት ማካፈል ነው፤ መልሱ በኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። የሲሊከንን 1.12 የሚያክል ፎቶን የሞገድ ርዝመቱ 1107 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው።

በሲሊከን ሸለቆ ወለል ላይ ያለው ኤሌክትሮን ሞገዱ ስንት ናኖ ሜትር ነው? የሲሊከን ክሪስታል ድግግሞሽ 0.543 ናኖ ሜትር ነው። ይህን ለ0.85 ስናካፍል 0.64 ናኖ ሜትር ይሆናል። ሞመንተም ከሞገድ ርዝመት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ ሁለቱን እናወዳድር፦ 1107 ለ0.64 ሲካፈል 1730 ገደማ። እንግዲህ ኤሌክትሮኑ ለመሻገር የሚያስፈልገው ሞመንተም ፎቶኑ ካለው በ1700 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ብርሃን በስዕሉ ላይ ኤሌክትሮንን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳዋል እንጂ ወደ ጎን አይወስደውም።

ኢነርጂ መጠበቅ እንዳለበት ሁሉ ሞመንተምም መጠበቅ አለበት። የጎደለውን ሞመንተም የሚሰጠው ማን ነው? የአተሞቹ ንዝረት ነው። ይህ ንዝረትም በቅንጣት ይቆጠራል፤ ስሙ ፎነን ነው (ከፎቶን ጋር እንዳታምታቱት)። ፎነን በሲሊከን ውስጥ ያለው ኢነርጂ ቢበዛ 0.06 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው፤ ትንሽ ነው። ሞመንተሙ ግን ትልቅ ነው። ፎቶን ኢነርጂ አለው ሞመንተም ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፎነን ሞመንተም አለው ኢነርጂው ግን ጥቂት ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ከመንገዳችን ምሳሌ እንውሰድ። ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚሄድ ሎሪ ላይ፣ ሎሪው እየሄደ ሳለ ለመሳፈር የሚፈልግ ሰው ወደ ላይ መዝለል ብቻ አይበቃውም፤ ከሎሪው ጋር እኩል መሮጥም አለበት። የቆመ ሎሪ ከሆነ ግን መዝለሉ ይበቃል። ጋሊየም አርሰናይድ የቆመው ሎሪ ነው፤ ሲሊከን የሚሄደው። ምሳሌው የሚያገለግለን ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ መሟላት እንዳለበት ለማሳየት ብቻ ነው። በሸለቆው ወለል ላይ ያለ ኤሌክትሮን ኬ ቢኖረውም ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን ቀደም ብለን ብለናልና ከዚያ በላይ አትውሰዱት።

6. ይህ ምን ይለውጣል?

ሀ) የሶላሩ ውፍረት። በሲሊከን ውስጥ ፎቶን፣ ኤሌክትሮንና ፎነን ሦስቱም በአንድ ጊዜ መገናኘት ስላለባቸው ለክፍተቱ የቀረበ ኢነርጂ ያለው ብርሃን በቀላሉ አይዋጥም፤ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ የተለመደው የሲሊከን ሴል ከ150 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። ለጋሊየም አርሰናይድ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ይበቃዋል። በካልኩሌተር ላይ የምናየው ቡናማ ቀጭን ሶላርም ሲሊከን ነው፤ ግን አተሞቹ በሥርዓት ያልተደረደሩ ስለሆነ የሞመንተሙ ሕግ ይላላል፣ ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያነሰ ውፍረትም ይበቃዋል። አየር ውስጥ የሚንሳፈፈው ደንብ ሳይሆን የአተሞቹ አደራደር ነው ኬን የሚወስነው።

ለ) መብራቱ ለምን ከሲሊከን አይሠራም? ኤል ኢ ዲ የሶላር ተቃራኒ ነው፦ ኤሌክትሮን ከላይ ወደ ታች ወርዶ ከሆል ጋር ይገናኛል፣ ኢነርጂውንም በፎቶን መልክ ይለቃል። በሲሊከን ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑ ቀጥ ብሎ ሊወርድ አይችልም፤ ከሥሩ ያለው ቦታ የተያዘ ነው፣ ሆሉ ያለው ኬ ዜሮ ላይ ነው። ፎነን እስኪያገኝ ሲጠብቅ በክሪስታሉ ውስጥ ያለ ጉድለት ወይም ባዕድ አተም ይይዘውና ኢነርጂው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሶላሩ ማታ ከባትሪ ጋር ቢገናኝ የማያበራው ለዚህ ነው። በቂ ቮልት ቢሰጠውም የሚወጣው ብርሃን እጅግ ደካማና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ፋብሪካዎች በልዩ ካሜራ ይህን ደካማ ብርሃን እያዩ የተሰነጠቀ ሴል ይለያሉ።

ለዓይን የሚታየው የመጀመሪያው ቀይ ኤል ኢ ዲ እ.ኤ.አ. በ1962 በኒክ ሆሎንያክ ተሠራ። ሰማያዊው ብዙ ዓመት ፈጀ። ጋሊየም ናይትራይድ የሚባለውን ቀጥተኛ ክፍተት ያለውን ክሪስታል አስተካክሎ ማሳደግ አስቸጋሪ ነበርና። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ይህን ስላሳኩ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የምናጠናበት ነጭ መብራት ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ነገር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይቀይርና ለዓይናችን ነጭ ይሆናል።

ሐ) ሙቀቱ። አረንጓዴ ብርሃን 2.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይዞ ይመጣል። ሲሊከን የሚፈልገው 1.12 ነው። የተረፈውስ? ኤሌክትሮኑ ከወለሉ በላይ ከፍ ብሎ ይደርስና ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፎነን እየለቀቀ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በቤል ላብራቶሪ የተሠራው የመጀመሪያው ጥሩ የሲሊከን ሴል ከብርሃኑ 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይር ነበር። የዛሬ ፓነሎች 20 በመቶ አካባቢ ደርሰዋል። አንድ ክፍተት ብቻ ያለው ሴል ከ33 በመቶ ብዙም ሊያልፍ አይችልም፤ የስሌቱን መንገድ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1961 ሾክሊና ኩዌሰር ናቸው።

ፓነሉ ሲሞቅ ደግሞ ቮልቱ ይወርዳል። ክፍተቱ በሙቀት ትንሽ ይጠባል፤ በዋናነት ግን በሙቀት የተነሱ ኤሌክትሮንና ሆሎች በዝተው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ለተለመዱት ፓነሎች ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ኃይል ይቀንሳል። በገዳሪፍ ሚያዝያና ግንቦት ጸሐይ ፓነሉ ራሱ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ 40 ሲባዛ በ0.4፣ 16 በመቶ ሄደ ማለት ነው። 100 ዋት ተብሎ የተገዛው 84 ይሆናል። ስለዚህ ከገበያ ባለን ጥቂት ገንዘብ የገዛነውን ሶላር ከቆርቆሮ ጋር ለጥፈን አናስረው። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል አየር የሚያልፍበት ክፍተት እንተውለት። አቧራውንም ጠዋት ሳይሞቅ እንጥረገው። «ጸሐይ በበዛ፣ ሙቀት በበዛ ቁጥር ይበረታል» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት፤ ብርሃን ይጠቅመዋል፣ ሙቀት ይጎዳዋል።

7. በክፍል የሚሠራ ሙከራ

የሚያስፈልገው፦ ከተበላሹ የእጅ ባትሪዎችና ሬዲዮኖች የተነቀሉ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ወይም ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ፣ ሦስት ድንጋይ (ባለ 1.5 ቮልት)፣ 470 ኦም ሬዚስተር፣ ቴስተር።

ሀ) ኤል ኢ ዲውን ከሬዚስተሩ ጋር በተከታታይ አያይዛችሁ አብሩት፤ ከዚያ በኤል ኢ ዲው ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ቮልት ለኩ። ቀዩ 2 ቮልት አካባቢ፣ ሰማያዊው ወይም ነጩ 3 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁጥሩ የክፍተቱን ኢነርጂ በግምት ይነግራችኋል፦ ለቀይ 1240 ለ630፣ ለሰማያዊ 1240 ለ450 አካፍላችሁ አወዳድሩ።

ለ) ድንጋዩን አላቁና ቀዩን ኤል ኢ ዲ ብቻውን ከቴስተሩ ጋር አገናኝታችሁ ፊቱን ወደ ጸሐይ አዙሩት። ከአንድ ቮልት በላይ ያሳያል። መብራቱ ሶላር ሆነ ማለት ነው። ያው ክፍተት ነው፤ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ።

ለመምህራን፦ ሰሌዳ ላይ የባንድ ስዕል በሣላችሁ ቁጥር መጀመሪያ የአግድሙን መስመር ስም ጻፉ፤ ቦታ ወይስ ኬ? ይህ ብቻውን ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

8. መልመጃ

ሀ) የጀርማኒየም ክፍተት 0.66 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሊውጠው የሚችለው ረጅሙ የብርሃን ሞገድ ስንት ናኖ ሜትር ነው?
ለ) ከጋሊየም አርሰናይድ የተሠራ ኤል ኢ ዲ የሚያወጣውን ብርሃን ዓይናችን ያየዋል?
ሐ) በሙሉ የተሞላ ባንድ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት አላቸው፤ ታዲያ ለምን ከረንት የለም?

መልስ፦ ሀ) 1240 ለ0.66፣ 1879 ናኖ ሜትር ገደማ። ለ) 1240 ለ1.42 ሲካፈል 873 ናኖ ሜትር ነው፤ ዓይናችን እስከ 700 አካባቢ ስለሚያይ አያየውም። ሐ) ወደ ቀኝ የሚሄድ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በተቃራኒው ኬ ላይ ወደ ግራ የሚሄድ አቻ አለው፤ ድምሩ ዜሮ ነው። ባዶ ቦታ ከሌለ ፊልድም ቢሆን ይህን ሚዛን ሊያዛባው አይችልም።

መልመጃ ሐን በራሳችሁ ከመለሳችሁ፣ ሆል ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ሰው ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ሙከራውን የሠራችሁ ክፍሎች የለካችሁትን ቮልት ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አድርገን እናወጣዋለን።